አንደበቱ ስለ ተያዘ ሕመምተኛ



በስትሮክ የተመታ የሥራ ባልደረባችንን ልንጠይቅ ወደ ቤቱ ስንሄድ የምናደርገውን እስቲ እናስታውስ። «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን አልጋው አጠገብ ከተቀመጥን በኋላ ፊታችንን ወደ ባለቤቱ መልሰን «ይበላል ወይ? ሌሊትስ ይተኛል ወይ?» እንላለን። ሰውየው ግን እዚያው ነው፤ ያየናል፤ ብዙ ጊዜም የምንለውን ይሰማል። አንደበቱ ስለ ተያዘ አእምሮውም አብሮ የሄደ ይመስለናል። ይህ ስሕተት በታላላቅ ሆስፒታሎችም ለብዙ ዘመን የኖረ ነው። እንዴት መታረም እንደ ጀመረ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱን ላቅርብላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1964 ዓ.ም. ኦስካር የተባለውን ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊት የሲኒማ ተዋናይ ወይዘሮ ፓትሪሺያ ኒል፥ በ1965 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ሳሉ በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ወደቁ። ዕድሜያቸው 39 ነበር፤ እርጉዝም ነበሩ። ሐኪሞች የራስ ቅላቸውን ከፍተው ሕይወታቸውን አተረፉ። ሦስት ሳምንት ያህል ራሳቸውን ስተው ቆይተው ሲነቁ ግን ቀኝ ጐናቸው አልታዘዝ አለ፤ ቃላትም ጠፉባቸው። የቀዶ ሐኪሙ ሥራ በዚህ አበቃ። የቀረውን ማን ይሥራው?

ባለቤታቸው፥ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የነበሩት ሚስተር ሮልድ ዳል፥ በእንግሊዝ አገር ግሬት ሚሰንደን በምትባል መንደር ወዳለው ቤታቸው ይዘዋቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ አንድ ሕመምተኛ ከንግግር ባለሙያ ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት እጅግ ጥቂት ነበር። ሚስተር ዳል ይህ አይበቃም ብለው ጐረቤቶቻቸውን ሰበሰቡ፤ በተራ እየመጡ በቀን እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያስተምሩም አደረጉ። እሳቸው ራሳቸው ብርቱ አስተማሪ ነበሩ፤ ወይዘሮ ፓትሪሺያ የሚፈልጉትን ዕቃ በስሙ ካልጠሩት አያቀብሏቸውም ነበር። ይህን አድራጎት ሳስብ ልቤ በሁለት ይከፈላል። ወይዘሮዋም ቢሆኑ በ1988 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ንዴታቸውንም ምስጋናቸውንም አልሸሸጉም።

ከጐረቤቶቹ መካከል ሚስ ቫለሪ ኢተን ግሪፊዝ የተባሉት ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። ሐኪም አልነበሩም፤ የንግግር ሕክምናም አልተማሩም። ይሁን እንጂ ትምህርቱን የጀመሩት ከተማሪዋ ነው። ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚያሰለቻቸው እየተመለከቱ ጨዋታውን፥ የቃላት እንቆቅልሹንና ንባቡን በዚያው ልክ አዘጋጁት። ለዐዋቂ ሴት የሕፃን ፊደል መቍጠሪያ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያዋርድ መገመት አያዳግትም። ወይዘሮ ፓትሪሺያ በዚህ ዓይነት የሥራው ተካፋይ ሆኑ። በ1967 በኒው ዮርክ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆመው ንግግር ሲያደርጉ፥ ንግግሩን አብረው ሲያለማምዱ የሰነበቱት ሚስ ግሪፊዝ ነበሩ። በ1968 በወጣው ፊልማቸውም እንደ ገና ለኦስካር ታጩ። ማነከሱ ግን ፈጽሞ አልተዋቸውም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ባለሙያ አያስፈልግም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሚስ ግሪፊዝ ልምዳቸውን በ1970 በመጽሐፍ ካወጡ በኋላ፥ በ1973 ለስትሮክ ሕመምተኞች የሚያስብ የእንግሊዝ ማኅበር ከእሳቸው ጋር ሆኖ የበጎ ፈቃደኞችን አገልግሎት አቋቋመ። የጐረቤት ደግነት በሥርዓት ሲመራ ምን እንደሚሠራ በዚያ ታየ።

የሆስፒታሉ ክፍል ግን በቍጥር የተመዘነው ቆይቶ ነው። በኖርዌይ አገር በትሮንድሃይም ከተማ 220 ሕመምተኞች በዕጣ እኩል ለሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ እንደ ወትሮው በተራ ክፍል ተኙ። የቀሩት በተለየ ክፍል ገቡ፤ በዚያም ሐኪሙ፥ ነርሷና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው በአንድ አሳብ እየሠሩ ሕመምተኛውን ሳይዘገዩ ከአልጋው ያስነሡታል፤ ቤተ ዘመዱንም ከሥራው ያስገባሉ። በ1991 በታተመው ውጤት፥ ከስድስት ሳምንት በኋላ በቤታቸው የተገኙት ከተራው ክፍል ከመቶ 33 ሲሆኑ፥ ከተለየው ክፍል ግን 56 ነበሩ።