ስለ ገበሬ ቤትና ስለ ቤተ መዘክር

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የነገሥታት ዘውድና ካባ፣ የጦር መሣሪያ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ከምድር ተቆፍሮ የወጣ አጥንት ነው። ይህ ሁሉ በክብር መጠበቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ከተቀመጥነው ሰዎች የብዙዎቻችን አባት ወይም አያት የተወለደው በሣር ክዳን ቤት ሆኖ ሳለ፣ ያ ቤት ራሱ ታሪክ ነው ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌም በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንወስዳለን።

ይህ አገር በአንድ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ፣ በሌላው በኩል የአባይንና የበሽሎን ሸለቆ ይዞ የሚኖር አገር ነው። ከደብረ ታቦር የተነሣ መንገደኛ ንፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጨጨሆ ሲያቀና ነፋሱ ለከተማው ስም መስጠቱን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

በዚሁ በጋይንት ቤተልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር አለች። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክርባት የዜማ ቤት ስለ ሆነች፣ ስሟ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት፣ የነገሥታት ልጆች ይታሠሩባቸው የነበሩትን አምባዎች ለመፈለግ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። በጉዞውም ከቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ያየው እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ፣ ትልቅ የሣር ክዳን የደፋ ሕንፃ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቤት ሆድ ውስጥ ሌላ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ የአክሱምን የሕንፃ ጥበብ የተከተለ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ይህንንም በ1959 ባሳተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለው መጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ። በብዙ የውጭ አገር ጽሑፍ «ፓክንሃም ያገኘው ቤተ ክርስቲያን» ይባላል። ለውጭ አገር ሊቃውንት አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ በግድግዳው ሥር ተቀምጠው ድጓ ሲያዜሙ ለኖሩት መምህራንና ደቀ መዛሙርት ግን የጠፋ ነገር አልነበረም።

እስቲ አሁን ስለ ጣራው እናስብ። ያንን ሕንፃ ከክረምት ዝናብ የጋረደው ከላይ የተደፋው ክብ የሣር ቤት ነው። የዚያ ጣራ አሠራር በመጠን ይለይ እንጂ ከገበሬው ቤት ጋር አንድ ዘር ነው፤ ያው ምሰሶ፣ ያው ወራጅ፣ ያው ማገር፣ ያው ሣር። ሊቃውንት በውስጡ ያለውን ለኩ፣ ሥዕሉንም አነሡ፤ እርጥበቱን የተሸከመውን ሣርና ያንን ሣር የከደነውን ባላገር ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

እስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት የአፄ ሱስንዮስ ባለቤትና የአፄ ፋሲል እናት የሆኑት እቴጌ ወልድ ሠዓላ ያቋቋሙት ደብር ነው። ስለዚህ ደብር በፈረንሳይኛ ትልቅ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የቆማ ዜማም በስሙ እየተጠራ ይኖራል። እንግዲህ የእቴጌይቱ ሥራ ጸሐፊ አላጣም። በዚያው ዘመን ለደብሩ እህል ያመረተው ገበሬ እንዴት ባለ ቤት እንደ ኖረ ግን ማን ይነግረናል?

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በዚሁ አገር አስጐትተው፣ ገደሉን እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ነበር ያለፉት። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ከመቅደላ የተወሰዱትም የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በለንደን ተጠብቀው ይገኛሉ። ሠራዊቱ ሲያልፍ የተገለበጠው ጎተራ ግን አንዳች ምልክት አልተወም። የኢትዮጵያ ገበሬ እህሉን በጎተራ ብቻ ሳይሆን በጉድጓድ ውስጥ የመደበቅ ልማድ የያዘው ስለ ነቀዝ ብቻ አይደለም፤ ስለ ወታደርም ነው። ስለዚህ የእህል ጉድጓድ ከመድፉ ያላነሰ የታሪክ ምስክር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ገበሬው ቤት ገብተን እንመልከት። በበሩ አጠገብ እርሻው ተደግፎ ይቆማል። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ቀንበሩ፣ ሁለቱ ድግሮች ሁሉም እንጨት ናቸው፤ ብረቱ ማረሻውና ወገሉ ብቻ ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያገናኘው ምራን የተባለው ጠፍር ነው። ገበሬው እንጨቱን ራሱ ይጠርባል፤ ለማረሻው ግን ወደ አንጥረኛው ይሄዳል። አንጥረኛው ማረሻውን ቀጥቅጦ ሰጥቶ ሳለ በብዙ ቦታ እንደ ቡዳ ይታይ ነበርና፣ በአንድ ማረሻ ላይ የአንድ ሕዝብ ጥበብም ግፍም ተጽፎ ይነበባል።

ወደ ጓዳው ሲዘለቅ ጎታው አለ። ጭቃና ጭድ፣ ከእበትም ጋር ተቦክቶ፣ በሴቶች እጅ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተደረበ የሚሠራ የእህል ዕቃ ነው። ከጎኑ ቁናው፣ እንቅቡ፣ ሰፌዱ፣ ጋኑ፣ እንስራው። ከሁሉ ይልቅ ግን ወፍጮውን ተመልከቱ። መካከሉ እንደ ገበታ የጎደጎደው በጠራቢ እጅ ብቻ አይደለም፤ በላዩ መጅ ስትገፋ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሴት፣ ከእርስዋም በፊት እናትዋ፣ በሌሊት እየተነሡ ያጐደጐዱት ነው። የሞተር ወፍጮ በየወረዳው ከገባ ወዲህ ያ ድንጋይ ከቤት ወጥቶ የግቢ መረማመጃ ይሆናል። ስለ ሞተር ወፍጮ መምጣት የሚያዝን ሴት ልጅ የለችም፤ ማዘንም አይገባትም። ድንጋዩ ግን ለመረማመጃነት መዋል አልነበረበትም።

ሕጋችንም ቢሆን ለዚህ ቤት ቦታ የሰጠው ዘግይቶ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ብሎ የተረጎመው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። የድንጋይ ግንብ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ክዳኑ በየጥቂቱ ዓመት የሚለወጥ፣ ማገሩ ሲበሰብስ የሚተካ ቤት ግን ዕድሜው ስንት ነው ይባላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ትርጓሜውን አስፍቶ በታሪክ፣ በባህልና በጥበብ ዋጋ ያለውን የሰው ሥራ ሁሉ፣ የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም፣ ቅርስ ብሎታል። ስለዚህ እንቅፋቱ ዛሬ ከሕጉ ዘንድ አይደለም።

ምንም አልተሠራም ለማለት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ በቤተ መዘክሩ የባላገሩ ዕቃ ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስቦ ገብቷል። ቦታው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና የገበሬው ዕቃ ይታያሉ። ያላያችሁት ብትኖሩ አንድ ቀን ሂዱና እዩ። ሆኖም በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ሙዳይ ከየትኛው መደብ ላይ እንደ ነበረ፣ ብርሃኑ በየትኛው በር እንደ ገባለት አይናገርም።

ይህንን ችግር ስዊድኖች አስቀድመው አስተውለውታል። አርቱር ሃሴልየስ የሚባል ሰው ፋብሪካና ባቡር የገጠሩን ኑሮ ሲለውጠው አይቶ፣ የገበሬ ቤቶችን ከነዕቃቸው እየገዛ በማስመጣት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰን የተባለውን የሜዳ ቤተ መዘክር ከፈተ። ከሁሉ አስቀድሞ የገዛውም ከሞራ አገር የመጣ አንድ የገበሬ ቤት ነው። ዛሬ በስፍራው 150 ያህል ቤቶች ይገኛሉ።

የእኛን ቤት ግን እንደ ስዊድኑ የግንድ ቤት ነቅሎ መውሰድ አይቻልም። ከዚህም የባሰ ችግር አለ። የሣር ቤት ተቈልፎ አይጠበቅም። የሣሩን እርጥበት የሚያደርቀው፣ ወራጁንና ማገሩን ከነቀዝ የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነው። ያ ጥቁር ጥቀርሻ፣ እንግዳ የሚጸየፈው፣ የቤቱ መድኃኒት ነው። እሳቱ የጠፋበት ቤት ጥቂት ክረምት አልፎበት ይዘምማል። የቤተልሔም ጣራም የቆየው ከሥሩ ሰው ስላልጠፋ ነው፤ ተማሪ ነበረበት፣ ካህን ነበረበት፣ ሣሩ ባረጀ ቁጥር የሚያጭድ ምእመን ነበረው።

እንግዲህ በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ አንድ የገበሬ ቤት ለታሪክ ይጠበቅ ቢባል፣ ዕቃውን ሰብስቦ በሩን መዝጋት አይበጅም። ባለቤቶቹ እዚያው ይኑሩበት፤ ባይፈልጉም ሌላ ቤተሰብ ይግባበት፤ ምድጃው ይንደድ፤ ጎታው እህል ይያዝ። ለቤቱም ሣር የሚታጨድበት መሬት ይከለል፤ ክዳን የሚያውቀውም ሽማግሌ ቆርቆሮ ሁሉን ሳይተካ ልጅ ያስተምር። ይህን የመሰለውን ዕቅድ ወደ በጀት የሚለውጥ ሰው ከእናንተ መካከል ቢገኝ፣ ከዘበኛው ደመወዝ ቀጥሎ የማገዶውን፣ የሣሩንና የከዳኙን ዋጋ በሌላ መስመር ይጻፍ።