ጭረት፣ ቀለምና የድምፅ ጭነት
የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት አከፋፈል ታሪክ

«ማዘር-ኢን-ሎው» የሚለው የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል አማት ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለት ጭረት ሦስት ቃላትን ያያይዙበታል። ሲነገር ግን በአናባቢ ዙሪያ የሚሰበሰቡ አራት የድምፅ ክፍሎች፣ ማለት አራት ቀለሞች አሉት፤ ከእነዚህም ጎልቶ የሚሰማው የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ጭረቱ የቃላቱን መጋጠሚያ ከማሳየት በቀር ቀለሙንም ሆነ ጭነቱን አይናገርም። ሦስቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ጭነትን በምልክት ካሳዩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ነው። ጆን ዎከርም በ1791 በአናባቢዎች ላይ ቁጥር እያኖረ አነባበቡን በዝርዝር አስረዳ።

የቀለም አከፋፈል ግን ያደገው በፊደል ማስተማሪያ መጻሕፍት ነው። ቶማስ ዲልወርዝ በ1740 ባወጣው መጽሐፍ «ክላ-ስተር» ተብሎ የተከፈለውን ቃል፣ አሜሪካዊው ኖኅ ዌብስተር በ1783 አነጋገሩን ተከትሎ «ክላስ-ተር» አለው። ከዚያ ወዲህ አታሚዎች በመስመር መጨረሻ ቃል የሚቆርጡበት ልማድ በሁለቱ አገሮች ተለያየ፤ አሜሪካውያን አነጋገርን፣ እንግሊዞች ደግሞ በአመዛኙ የቃሉን ሥር ይከተላሉ። በ1983 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ሊያንግ ይህንኑ ሥራ ለኮምፒዩተር የሚያስተምሩ 4,447 የፊደል ቅንብሮችን አዘጋጀ።

የጭረቱ ዕድል ከሁሉ ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። በ2007 የወጣው አጭሩ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት 16,000 ያህል ጭረቶችን አስወገደ። «አይስ-ክሪም» ሁለት ቃል ሆነ፤ «በምብል-ቢ» ተጋጥሞ አንድ ሆነ። የተናጋሪው ድምፅ ግን በዚህ ምክንያት አልተለወጠም።

የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት በአብዛኛው ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ አታሚዎቻችን በመስመር መጨረሻ ቃሉን ያለ ጭረት ሲቆርጡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ እኛም የማንጽፈው አለን፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ያልደረሰው ጊዜ መሆኑን የሚለየው አንባቢው ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ባልደረባችን ተማሪው በመዝገበ ቃላት ያየውን መክፈያ ሁሉ እንደ አነጋገር ሕግ እንዳይቀበል ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ጭረት የጸሐፊው፣ የመስመር መቁረጫ የአታሚው፣ ጭነት ግን የተናጋሪው ነውና፤ ይህን ያልለየ ተማሪ ቃሉን በትክክል ጽፎ ሳለ ሰሚ ያጣል።