ዘመነ ክረምትና የሕንፃ ጥበብ በሜክሲኮ አካባቢ

በልደታ የሚገኘው የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በግፍ በያዘችበት ዘመን ወረራውን አናጸድቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ስለ ነበረ፣ ለውለታው መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ በዚያችም አገር ርእሰ ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ ይገኛል። ነገር ግን በዚሁ ሥፍራ ዙሪያ ከስሙ የቀደመ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም የአዲስ አበባ ሰው ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከሌሊት ቁር ለመጠለል ቤቱን እንዴት ሲያንጽ እንደ ኖረ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ ስላለቀ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የግድግዳም የጣሪያም ተሸካሚ ሆነ። አናጢው ከድንጋይ በተካበ መሠረት ላይ ግንዱን አቁሞ በማገር ካያያዘው በኋላ፣ ከጤፍ ጭድ ጋራ ተቦክቶ የሰነበተው ጭቃ ይመረግበታል፤ የድንጋዩ ካብ የምድሩ ርጥበት ወደ ጭቃው እንዳይወጣ፣ ወደ ውጭ የተዘረጋው የጣሪያ ክፈፍ ደግሞ ጠፈጠፉ ምርጉን እንዳያጥበው ይከላከላል። በሣር ክዳን ምትክ ቆርቆሮ በተስፋፋ ጊዜ ቤቱ በቀትር የሚግል፣ በሌሊት ፈጥኖ የሚቀዘቅዝ ቢሆን፣ ባለቤቱ ከሥሩ አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ አበጀለት፤ ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለቤተ ሰቡ ይመልስ ነበር።

ይህ ጥበብ የተመሠረተው በወቅቶች ታማኝነት ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማልና፣ ሐናጺው በበጋ መርጎ፣ በበጋ አድርቆ፣ ከሰኔ በፊት ክዳኑን ይፈጽም ዘንድ ጊዜውን የሚነግረው ሌላ መምህር አላሻውም።

የሕንፃ ትምህርት በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሥርዓት መሰጠት የጀመረው፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 በተቋቋመ ጊዜ ነው፤ ዛሬም የከተማው ሰው ግቢውን ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ይለዋል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ታላላቅ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በሲሚንቶና በብረት የቆሙ ቢሆኑም መስኮታቸውን ወደ ውስጥ ሸሽገው ወይም በሲሚንቶ ክንፍ ጋርደው ይታያሉና፣ የጣሪያ ክፈፉን ምክር ጨርሰው አልዘነጉም።

የዘነጋው ከዚያ በኋላ የመጣው የመስተዋት ዘመን ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋ ተራና እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባንኮች በተርታ ፎቃቸውን ሲያቆሙ፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን 209 ሜትር ሲደርስ፣ ግድግዳ የሚባለው ነገር በብዙው ስፍራ ወደ መስተዋት ተለወጠ። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በቀትር ወደ ሰሜን፣ በቀረው ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የቀትሯን ፀሐይ አጭር ክፈፍ ሊጋርዳት ሲችል፣ የጧቷና የማታዋ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረ መስተዋት ሙቀቷን ተቀብሎ ያስቀራል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች፣ መስኮት በመክፈት ብቻ መቀዝቀዝ በሚቻልባት ከተማ፣ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ አስፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ ምድር ትጠጣው የነበረው ዝናብም በሲሚንቶና በአስፋልት ላይ ሲወርድ፣ አሸንዳውና ቦዩ አልበቃ ብሎት በመንገድ ላይ ይጎርፋል።

በዚያው በልደታው ግቢ፣ ከዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከአፈር ብቻ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለሙከራ ተሠርቷል፤ ምድር ቤቱ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ፎቁ ከታመቀ የአፈር ጡብ የታነጸ ነው። ይህ ሙከራ የአበውን ቤት እንደ ቅርስ ከመሳም አልፎ ጥያቄያቸውን እንደገና መጠየቅ መሆኑ ያስመሰግነዋል።

ምክንያቱም አበው የሠሩት ለሚያውቁት ዝናብ ሲሆን፣ የዛሬው ሐናጺ ግን አንድ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠቃሎ ለሚወርድ ዝናብ፣ ለሚበረታም ሙቀት መሥራት ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ስለ አዲስ ሕንፃ ፕላን ሲቀርብ፣ የግንባሩ ውበት ከመታየቱ አስቀድሞ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድና በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ምን እንደሚጋርደው ቢጠየቅ፣ የጭቃ ቤቱ ሐናጺ ሳይጠየቅ ይመልሰው የነበረውን ነገር መጠየቅ ይሆናል።