እስክስታ፣ ጉራግኛ ወይስ ቤሊ ዳንስ? ለየትኛው ጭፈራ የትኛው ሙዚቃ ይሄዳል?

ጫግኒ ላይ ሰርግ ወይም የትምህርት ቤት ዝግጅት ሲቃረብ ጭፈራ የሚለማመዱ ልጆች መጀመሪያ የሚከራከሩት «የቱን ዘፈን እናድርግ?» በሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ቲክቶክ ላይ የሞቀው ያሸንፋል። እኛ ግን ከዝናው በፊት ሁለት ነገር እዩ እንላለን፦ ጭፈራው የሚሠራው በየትኛው የሰውነት ክፍል ነው? ምቱስ ስንት ስንት ይቆጠራል? እስኪ በየተራ እንያቸው።

1. የጎጃም እና የጎንደር እስክስታ
ሥራው ትከሻ፣ አንገትና ደረት ላይ ነው። የሚፈልገው «ችክችካ» የሚባለውን ምት ነው። ስታጨበጭቡለት ሦስት ሦስት እየሆነ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሄዳል። ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን ምረጡ።

2. ወሎ
ባቲ እና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። ዜማው ረጋ ያለውን ዘፈን ከመረጣችሁ ለስለስ ላለ አንገትና ትከሻ ይመቻል። ለመግቢያም አሪፍ ነው።

3. ትግርኛ
ክብ ሠርቶ በዝግታ መዞር፣ ከዚያ ከበሮው ሲፈጥን መሞቅ ነው። ዘፈኑን ስታሳጥሩ ፍጥነቱ የሚቀየርበትን ቦታ እንዳትቆርጡት።

4. ጉራግኛ እና ወላይታ
ጉራግኛ የእግር ጭፈራ ነው፤ ፈጣን ስለሆነ ትንፋሽ ይጨርሳል። ስለዚህ አሳጥሩት፣ ወይ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ወላይታ ደግሞ የወገብ ነው።

5. ቤሊ ዳንስ
ወገብ ስላለበት ብቻ ከወላይታ ጋር አንድ አይደለም። በግብፁ ቤሊ ዳንስ ከበሮው ለብቻው ሲመታ ወገብ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመልሳል፤ ቫዮሊን ቀስ ብሎ ሲገባ ደግሞ እንቅስቃሴው እንደ ውሃ ይፈሳል። አብዛኛው ምቱ በአራት ይቆጠራል። ችክችካ ላይ ሲሞከር እርምጃው የሚጋጨው ለዚህ ነው።

6. የራሳችን የአዊ ጭፈራ
እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። አገውኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ደግሞ የሴም። ዜማ ከቃሉ ጋር ስለሚሄድ ቋንቋው ሲቀየር የዘፈኑ አካሄድም ይቀየራል። «የአገው ጭፈራ» ብሎ አስተዋውቆ ሌላ ዘፈን መክፈት ልብሱን ለብሶ ድምፁን መተው ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የምንኮራበት ፈረሱ ብቻ መሆን የለበትም።

ታዲያ ዘፈን ካጣችሁ ሰርግ ላይ በአገውኛ የሚያዜሙ እናቶችንና አባቶችን ጠይቁ፤ ከፈቀዱ በስልካችሁ ቅዱ። ያቺ ቅጂ ነገ ለሚጨፍር ልጅም ትተርፋለች። ዛሬ ያልተቀዳ ዜማ ግን ከባለቤቱ ጋር ሊሄድ ይችላል።

መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት
• ዘፈኑን በትልቅ ስፒከር ሞክሩት። የስልክ ድምፅ የከበሮውን ወፍራም ምት ይውጠዋል።
• ዳታ አትመኑ፤ ስልክና ፍላሽ ላይ ጫኑት።
• ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። እስክስታው መሃል ጥሪ ከገባ ጨዋታው ያልቃል!
• ብዙ ጭፈራ ካላችሁ ከዝግታው ጀምራችሁ ወደ ፈጣኑ ሂዱ።

ለምትለማመዱት ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።