ከምክር ቤት ወደ መንደር የሚላከው ደብዳቤ

ሕዝብ ወኪሉን መርጦ ከሸኘ በኋላ ወኪሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል በምን ያውቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አገሩ ሰፊ፣ ምክር ቤቱም ሩቅ ሲሆን፣ ውክልና የሚሉት ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ የምክር ቤት አባላት፣ የፌዴራሉም ሆኑ የየግዛቱ፣ «እዚህ ይህ ተወሰነ፣ በሰፈራችሁ ደግሞ ይህ ሊሠራ ነው» እያሉ ለመራጮቻቸው ዜና የመጻፍ ልማድ አላቸው። ዛሬ ብዙው ሰው ገልበጥ አድርጎ አይቶ የሚጥለው ወረቀት ነው። ታሪኩን ለተመለከተ ግን ሰው የታሰረበት ጉዳይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከፖስታ ሂሳብ ነው። ቅኝ ግዛቶቹ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠሙበት በ1775 ኮንግረሳቸው ለአባላቱ ያለ ክፍያ ደብዳቤ የመላክ መብት ሰጠ። በ1789 ሥራ የጀመረው አዲሱ ኮንግረስም ይህንኑ አጸና። አባሉ ፖስታው ላይ ይፈርማል፤ ፊርማው እንደ ሂሳብ ይቆጠራል። ታዲያ ይህ ለትልልቅ ሰዎች የተሰጠ ጉርሻ ብቻ እንዳይመስለን። በዚያ ዘመን ቴምብር የሚባል ነገር አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳቡን የሚከፍለው ደብዳቤው የደረሰው ሰው ነበር። ስለዚህ ፊርማው የገበሬውንም ኪስ አድኗል። በተለይ የደቡብና የምዕራብ ተወካዮች የኮንግረሱ ጉባዔ ሊዘጋ ሲል አንድ ደብዳቤ አሳትመው በብዙ ቅጂ ወደየአውራጃቸው ይልኩ ነበር። ጦርነት ይመጣል ወይ? ቀረጡስ ስንት ሆነ? ጋዜጣ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እንዲህ ያለው ደብዳቤ ትልቅ ነገር ነበር።

ትልቅ ነገር በመሆኑም የሚሰጋበት አልጠፋም። በግንቦት 1797 በቨርጂኒያ፣ ሪችሞንድ ከተማ፣ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ በጄምስ አይርዴል ሰብሳቢነት ተሰየመ። ከዜጎች ተመርጦ ጥፋት ያለበትን ነገር የሚጠቁመው ሸንጎ፣ ግራንድ ጁሪ የሚሉት፣ አንዳንድ የኮንግረስ አባላት ለመራጮቻቸው የላኩትን ደብዳቤ፣ በተለይም የቨርጂኒያውን ተወካይ የሳሙኤል ካቤልን፣ በመንግሥት ላይ መሠረተ ቢስ ስም ማጥፋት የሚነዛ ነው ሲል በጽሑፍ አወገዘ። የካቤል «ጥፋት» የመንግሥቱን አካሄድ ነቅፎ ለመረጡት ሰዎች መጻፉ ነበር።

በዚያ ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ስሙን ሳይገልጥ ለቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት የሚቀርብ አቤቱታ አረቀቀ። የክርክሩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ወኪል ተጠያቂነቱ ለወከለው ሕዝብ ነው። በሁለቱ መካከል ዳኛ ገብቶ «ይህን ጻፍ፣ ይህን አትጻፍ» የሚል ከሆነ፣ ሕግ አውጪው በፍርድ ቤት እጅ ወደቀ ማለት ነው። የግዛቱ ምክር ቤትም አቤቱታውን ደግፎ ወሰነ። በካቤል ላይ የወንጀል ክስ አልተመሠረተም።

ሁሉም ግን እንደ ካቤል አልቀናውም። በሐምሌ 1798 መንግሥትን፣ ኮንግረስን ወይም ፕሬዚዳንቱን በሐሰት የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። ምክትል ፕሬዚዳንቱን፣ ማለትም ተቃዋሚውን ጀፈርሰንን፣ መዝለፍ ግን በሕጉ አልተጠቀሰም። የዚህን ሕግ ጅራፍ ከቀመሱት አንዱ ማቲው ላየን ነው። አየርላንድ ተወልዶ በልጅነቱ በውል የታሰረ አገልጋይ ሆኖ አሜሪካ የገባ፣ በኋላም የቬርሞንት ተወካይ የሆነ ሰው ነው። ፕሬዚዳንቱን እየነቀፈ ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የተጻፈው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነበር፤ የታተመው ግን ሕጉ ከወጣ በኋላ ነው። 4 ወር እስራትና 1,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። መራጮቹስ ምን አሉ? እስር ቤት እንዳለ መልሰው መረጡት! ሕጉ በ1801 ጊዜው አልፎ ቀረ፤ መቀጮው ደግሞ በ1840 ለወራሾቹ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባም። ጀፈርሰን «መራጭ» ሲል እነማንን ነው? በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ የሚመርጠው ንብረት ያለው ነጭ ወንድ ነበር። ከግዛቱ ነዋሪ ከሦስት ሰው ከአንድ በላዩ ባሪያ ሲሆን፣ አቤቱታ አርቃቂው ራሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው ደብዳቤም አይጻፍለትም። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ያለ ፈተናና ማስፈራሪያ እንዲመዘገቡ የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ እስኪወጣ ድረስ የተቀባዮቹ ዝርዝር ጎዶሎ ሆኖ ኖሯል።

የመጻፍ መብቱ ከጸና በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ደብዳቤው የምርጫ መሣሪያ ሆነ። ተወካዮቹ የንግግራቸውን ቅጂ በገፍ ይልካሉ፤ በመንግሥት ወጪ የተገዛ የአትክልት ዘር ሳይቀር በስማቸው ለገበሬ ያድሉ ነበር፤ የዘሩ እደላ የቆመው በ1923 ነው። ነጻው ፖስታ ራሱ ሮሮ በዝቶበት በ1873 ተሽሮ፣ በ1890ዎቹ ተመለሰ። በ1973 ደግሞ ምርጫ ሊደርስ ሲል በጅምላ መላክን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የካሊፎርኒያ ሕዝብ የባሰ ቆረጠ፤ በ1988 ራሱ ድምፅ ሰጥቶ፣ የተመረጠ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ዜና መጽሔት በጅምላ እንዳይልክ ከለከለ።

ታዲያ ደብዳቤው ይቅር? አይሆንም። ኒው ሃምፕሻየር ለትንሽ ሕዝብ 400 ተወካዮች ስላሏት አንዱ ተወካይ የ3,500 ሰው ያህል ጎረቤት ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ተገናኝቶ ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ ግን 40 ሴናተሮች ብቻ ስላሏት አንዱ ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ይቆማል። ይህን ሁሉ ሰው በምን ያገኘዋል? የሚጻፍለት ሰው ባይኖር የሚሰማው ባለ ገንዘቡን ብቻ ይሆናል።

ካቤል የጻፈባት ቨርጂኒያ ዛሬ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናት። በሰሜኑ ክፍል፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው፣ ዜግነት አግኝቶ የሚመርጠው ጥቂት አይደለም። የግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት 100 አባላት አሉት፤ አንዱ ለ86,000 ሰው ያህል ይቆማል። ከእነሱ የሚመጣው ዜና ብዙውን ጊዜ መንገድ ሊጠገን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ተመረቀ፣ በዚህ ቀን ስብሰባ አለ የሚል ነው። መልካም ነው፤ ይነበብ። ግን ካቤልና ላየን የተወገዙት የመንገድ ጥገና በማብሠራቸው አልነበረም፤ ሥልጣን ያለውን ስለ ነቀፉ ነው። አንባቢ ሆይ! እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርስህ ፎቶግራፉን አልፈህ ሂድና፣ ሰውየው በየትኛው ሕግ ላይ «አዎ» በየትኛው ላይ «አይሆንም» እንዳለ ፈልግ። ካጣኸው በተራህ አንተ ጻፍለትና ጠይቀው።