የካምቤልታውን ዕድገትና ውድቀት

ለፋብሪካ ቦታ ስንመርጥ አስቀድመን የምንመረምረው ጥሬ ዕቃን፣ ማገዶንና መንገድን ነው። ይሁንና እነዚህ ብቻ በቂ አለመሆናቸውን የካምቤልታውን ታሪክ ያስረዳል።

በምዕራብ ስኮትላንድ፣ በኪንታይር ባሕረ ገብ መሬት የምትገኘው ይህች አነስተኛ የወደብ ከተማ ገብስና የድንጋይ ከሰል በቅርቧ ነበሯት፤ ባሕሩም ከግላስጎው ገበያ ጋር ያገናኛት ነበር። አልፍሬድ ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ በከተማዪቱ 21 የውስኪ ፋብሪካዎችን መዝግቧል።

ነገር ግን የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ ስፔይሳይድ በመዝለቁ የዚያ አገር ውስኪም ወደ ገበያ የሚወጣበት ቀላል መንገድ አገኘ። ውስኪ አዋሕደው የሚሸጡ ነጋዴዎች ከካምቤልታውን ከባድ ጣዕም ይልቅ የስፔይሳይድን ለስላሳነት እየመረጡ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላና የዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ሲታከሉበት ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ከ1934 በኋላ ተርፈው የቀሩት ስፕሪንግባንክና ግሌን ስኮሺያ ብቻ ነበሩ። በ1925 የተዘጋው ግሌንጋይል እንደገና ሥራ የጀመረው በ2004 ነው።

እንግዲህ የቦታ ብልጫ ዘላለማዊ አይደለም። ሌላ ስፍራ የሚዘረጋ ሐዲድ የእኛን ወደብ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላልና፣ የሕዝብ እንጀራ የተመሠረተበትን ፋብሪካ የሚያቅድ መሐንዲስ ከግቢው አጥር ባሻገር ሊመለከት ይገባዋል።