ሰፌድ ላይ የተቆጠረ ሒሳብ

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወደ 60,000 የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን በየአገሩ ስንበተን የእኔ ድርሻ ጎጃም፣ ቢቸና አውራጃ ሆነ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ገበሬውን ማደራጀት በእኛ ላይ ወደቀ። አንድ የገበሬ ማኅበር በትንሹ 800 ሔክታር ላይ ይቋቋማል፤ ውሎ አድሮም የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማል። ይህን ማስረዳት ነበረብን።

አንድ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ዋርካ ሥር ሰበሰብንና የተሰጠኝን ጽሑፍ ከአንድ ሰዓት በላይ አነበብኩ። ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ማንም አልተነፈሰም። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እግዜር ያክብርሽ ልጄ፣ እደጊ» ብለው መረቁኝ፣ ሌላው አጨበጨበ። ማታ በደብተሬ ላይ «ትምህርቱን ሁሉም ተረድተውታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን ስሠራ የኖርኩት ያችን ዓረፍተ ነገር ማረም ይመስለኛል።

ከስብሰባው ስንመለስ አንዲት እናት ከጎኔ እየሄዱ «ማኅበር ግቡ ያልሽን፣ እኛ እኮ የሚካኤል ማኅበር አለን» አሉኝ። «የለም እማማ፣ እሱ አይደለም» ብዬ አረምኳቸው። ባላርማቸው ኖሮ ብዙ እማር ነበር። የጽዋ ማኅበር ሙሴ የሚባል መሪ አለው፣ ተራ አለው፣ ለቀረ ሰው መቀጫ አለው፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ማን መቼ እንደሚደግስ የማይጻፍ ግን የማይሳት ሕግ አለው። ስለ ወንፈልም ያኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር። ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ አሰናድቶ ያበላል እንጂ ቀን አይቆጠርበትም። ወንፈል ግን የጉልበት ብድር ነው። በጎረቤታችን ያሉ አንድ አባወራ የዘጠኝ ቤት ወንፈል በቃላቸው ይይዙ ነበር፦ የማን የአረም ቀን እንደቀረ፣ በሬ ያዋሰ ስንት የሰው ቀን እንደሚመለስለት፣ ታሞ ልጁን የላከው እንዴት እንደሚታሰብለት። እኒህን ሰው ነው «ስለ ኅብረት ላስተምርዎ» ብዬ ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኳቸው።

በ1970 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመትም የአምራቾች ማኅበራት መመሪያ ተከተለ። ማኅበራቱ ሦስት ደረጃ ነበራቸው። በመጀመሪያው፣ በመልባ፣ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬና ማረሻ የግል ነበር፤ ለጓሮ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ይተው ነበር። በሁለተኛው፣ በወልባ፣ በሬውም የጋራ ይሆን ነበር። ወላንድ የመጨረሻው ደረጃ ነበር። ሦስቱን እንደ መሰላል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለን አስተማርን፤ መውጣት ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለእኔ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነኝ። ፊደል ማስተማር እንደ ስብሰባ ተጨብጭቦለት አያልፍም። ሴትዮዋ ስሟን ወይ ትጽፋለች ወይ አትጽፍም፤ ካልጻፈች ችግሩ ያለው እኔ በማስተምርበት መንገድ ነው። በራሳቸው ስም፣ በልጃቸውና በላማቸው ስም ስጀምርላቸው እጃቸው እየተፍታታ መጣ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንዢኩስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ከራሳቸው ኑሮ በተለቀሙ ቃላት ማንበብ ማስተማሩን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ሳነበው አዲስ ነገር አልሆነብኝም፤ ከላሟ ስም የጀመሩት ሴቶች አስቀድመው አስተምረውኛል።

የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ሰው በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ገባ። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም ጨው፣ ስኳርና ላምባ ይሸጡ የነበሩ ብዙ የአገልግሎት ማኅበራት ሱቆች ተዘረፉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቀር የተነቀለበት አይቻለሁ። አንዱን አባል «የራሳችሁን ንብረት እንዴት?» ብለው «የእኛ መሆኑን ማን ነገረን?» አለኝ። ነግረናቸው ነበር። ሺህ ጊዜ ነግረናቸዋል።

ያ መልስ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኝ ነበር። በኋላ የሮችዴልን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የያዘኝ ትምህርትን የሚመለከተው ነው። ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ1844 እ.ኤ.አ. 28 ሰዎች ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከትርፋቸው ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት እንዲውል ወሰኑ። አስተማሪ ከበላይ አልተላከላቸውም፣ መጽሐፉን የገዙት በገዛ ገንዘባቸው ነው። የእኛን ሰው ያስተማርነው በሌላ ሰው ደሞዝ፣ በሌላ ሰው ቃል ነበር።

በ1991 አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣ ሕጉ ጥሩ ነበር፦ አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ማንም ከጠቅላላው ዕጣ ከአሥር እጅ በላይ አይይዝም፣ መግባትም መውጣትም በፈቃድ። «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ስም ሲሰማ ግን ገበሬው በሬውን ያስታውስ ነበር። እኔም ወጣት አደራጆች ሳሠለጥን የመጀመሪያውን ቀን አዋጁን አላስከፍትም። መንደር ሄደው የአንድ እድር ወይም የአንድ ጽዋ ማኅበር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቀው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ሲመለሱ ግማሾቹ የጻፉት ራሳቸው የተናገሩትን ነው። በማግስቱ እንደገና ይሄዳሉ።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ወዳደራጀው ማኅበር ለዓመታዊ ጉባኤ አብሬው ሄድኩ። ጸሐፊው ሒሳቡን እንደ ዳዊት ደጋሚ እያፈጠነ አነበበው፤ ለማጨብጨብ እጅ ሲነሣ ቆይ አልኩ። ሁለት ሰፌድና ባቄላ አስመጣን። አንዱ ፍሬ 100 ብር ነው ተባባልን። የገባው ሁሉ በአንደኛው ሰፌድ ላይ ተቆጠረ፤ ከዚያ ለማዳበሪያ፣ ለጭነት፣ ለመጋዘን ዘበኛ እየተባለ ወደ ሁለተኛው ተዛወረ፤ ባንክ አለ የተባለውም ለብቻው ተነሣ። ሰባት ባቄላ ቀረ።

ጉባኤው ጸጥ አለ፤ በ1967 ከማውቀው ጸጥታ ግን የተለየ ነበር፤ ሁሉም እየቆጠረ ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «የእነዚህ የሰባቱ ማደሪያ የት ነው?» አለች። ገንዘብ ያዡ ላቡን ጠረገ። ሌብነት አልነበረም፤ ለጫኝና አውራጅ ከፍሎ ደረሰኝ አልተቀበለም። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጠችም። ማን አዘዘህ፣ ማን አየ፣ ለነገስ ምን ይደረግ እያለች ቀጠለች፣ ሌሎችም ተከተሏት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማንኛውም ወጪ በሁለት ሰው ፊርማ እንዲሆን ወሰኑና እሷን ለቁጥጥር ኮሚቴ መረጧት። እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በዓመቱ ስሄድ ሰፌዶቹን ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች። ባቄላውን ለቅማ፣ ነቀዙን አውጥታ፣ በቀረጢት ቋጥራዋለች። ወጣቱ አደራጅ ንግግሩን ጽፎ መጥቶ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና የት ልቀመጥ ብሎ ጠየቃት።